ከሣሩ በፊት

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ አሜሪካ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከጂኦግራፊ ብዙም አልራቅኩም» ብዬ አለፍኩት። ውሸት ባይሆንም ሽሽት ነው። ዛሬ ልናገር፦ አካፋ ይዤ የጎልፍ ሜዳ እጠግናለሁ።

ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ ላይ ያለ ሪዞርት ነው። ዘንድሮ ያረጁትን ግሪኖች እያደስን ነው። ግሪን ማለት ቀዳዳውና ባንዲራው ያለበት፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ አጥሮ የተላጨው ቦታ ነው። እድሳት ሲባል አሮጌውን ሣር ገፎ አዲስ መዝራት መስሎኝ ነበር። የት ተገኝቶ! መጀመሪያ መሬቱ ተቆፈረ። ከታች ቦይ ወጥቶ የተበሳሳ ቱቦ ተቀበረ። በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ የበዛበት አፈር ተነጠፈ። ሣሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ እሱም ውርጭ ሳይቀድመው ሥር እንዲይዝ በነሐሴ ይዘራል።

ነገሩ ሁሉ የውሃ ጉዳይ ነው። ተራራ ላይ ውሃ ከላይ ይወርዳል፣ ከጎንም ይሰርጋል። መውጫ ካጣ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ጎረቤታችን ዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪንብራየር ሪዞርት ውስጥ ኦልድ ዋይት የሚባል በ1914 የተከፈተ ሜዳ አለ። በጁን 2016 በግዛቲቱ 23 ሰው የገደለው ጎርፍ እሱንም አበላሸው፤ የዚያ ዓመት ትልቁ ውድድር ተሰረዘ። ሜዳው እንደገና ተሠርቶ ውድድሩ የተመለሰው በዓመቱ ነው።

ቱቦ በቀበርኩ ቁጥር ግን የሚታየኝ ሌላ ቦታ ነው። ልጆች፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለውን ዳገት ታስታውሳላችሁ? በየክረምቱ ችግኝ አሸክሜ አወጣችሁ ነበር። መስከረም ላይ ስንመለስ ግማሹን ጎርፍ ወስዶት እናገኛለን። «የሚንከባከብ ጠፍቶ ነው!» ብዬ እናንተን እቆጣለሁ። አንዳንዶቻችሁን አንበርክኬያለሁ።

እርከን ያላስቆፈርኳችሁ እኔ ነበርኩ። የኮንሶን እርከን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳለ ያስተማራችሁ ሰውዬ፣ ዳገቱ ላይ ሲወጣ ትምህርቱን ረሳው። እውነቱን ለመናገር አልረሳሁትም፤ ቸኩዬ ነው። እርከን ፎቶ ላይ አያምርም፣ ችግኝ ግን ያምራል።

ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም። በተለይ የተንበረከካችሁት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ዛሬ ከእናንተ መሀል ተከላ የምታስተባብሩ አላችሁ፤ ፎቶዎቻችሁን አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። አደራ፣ ችግኙ ከመምጣቱ በፊት በዝናብ ውጡና ውሃው በየት እንደሚወርድ እዩ። ከዚያ ቆፍሩ።

እኔን ደግሞ ሥራዬን ብትጠይቁኝ ከእንግዲህ አልሸሽም። ነገ ጠዋት ሰባተኛው ግሪን ላይ ጠጠር እንበትናለን። ሰላም እደሩ።