የኮምፒውተር ማስታወሻ ስንመርጥ



ሞርስ ሮድ አካባቢ በምናደርገው የእህቶች ደርስ ላይ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ «ቤት ባለው ኮምፒውተር ማስታወሻ ለመያዝ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» አንዷ የደርስ ማስታወሻዋን፣ ሌላዋ የዕቁብ ሒሳቧን፣ ሌላዋ ደግሞ አገር ቤት ያሉ እናቷን የመድኃኒት ዝርዝር ማስቀመጥ ትፈልጋለች። ነርስ ስለሆንኩና የሥራዬ ግማሹ መጻፍ ስለሆነ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል።

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የምትጽፊው የማን አደራ ነው? ማን እንዳያየው ትፈልጊያለሽ? አንቺ በሌለሽበት ጊዜስ ማን ሊከፍተው ይገባል? ይህ ከታወቀ ምርጫው ይቀላል። የራሴን በሦስት ከፍዬዋለሁ።

አንደኛው የታካሚ ምስጢር ነው። ብዙዎቻችን እዚህ በነርስነት፣ በሆስፒታል ረዳትነት ወይም አረጋውያንን ቤታቸው ሄደን በመንከባከብ እንሠራለን። ከሥራ በኋላ የተማሩትን መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። የታካሚ ስም፣ የልደት ቀን፣ የክፍል ቁጥርና ፎቶ ግን በግል ኮምፒውተር ላይ ቦታ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የሚባለው ሕግና እሱን ተከትለው የወጡት ደንቦች የታካሚን መረጃ ይጠብቃሉ። ለእኛ ደግሞ የሰው ምስጢር አማና ነው። «ስሙን ትቼ ታሪኩን ብቻ ልጻፍ» ማለትም አያዋጣም፤ ማኅበረሰባችን ጠባብ ስለሆነ ሰው በዕድሜው፣ በአገሩና ሆስፒታል በገባበት ቀን ይታወቃል። እኔ የምጽፈው ስለ መድኃኒቱና ስለ ሕክምናው ነው፤ ስለ ሰውየው አይደለም።

ሁለተኛው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፦ የልጆች ክትባት፣ የወላጆች መድኃኒት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ያበደርነውና የተበደርነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራህ 282፣ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን እናስታውስ። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ሌላ ሰው ሊከፍተው ይገባል። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፦ ሚስት መናገር ተስኗት ተኝታ ባል «ትንሽ ነጭ ክኒን ትወስዳለች» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ዝርዝሩ በተቆለፈ ስልኳ ውስጥ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ዋንኖት ይስማማኛል። በነጻ ይገኛል፣ በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፣ ደብተሩን ለባል ወይም ለእህት ማጋራት ይቻላል። አንዱን ክፍል ብቻ በይለፍ ቃል መቆለፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ቃሉ ከተረሳ ማይክሮሶፍት ራሱ አይከፍትልንም። ስለዚህ ቃሉን በፖስታ አሽጎ ለታመነ ሰው መስጠት ነው።

ሦስተኛው የራስ ነው፦ የደርስ ማስታወሻ፣ የረመዳን ዕቅድ፣ ዱዓ፣ ለልጆቻችን የምናቆየው ቃል። ይህ ሃያና ሠላሳ ዓመት መቆየት አለበት። ኤቨርኖት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በነጻ የሚጠቀሙትን በ50 ማስታወሻና በአንድ ደብተር ወስኗቸዋል። መብቱ ነው፤ ግን የኪራይ ቤት ምን እንደሆነ ያስታውሰናል። የወሎ ዑለሞች በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ የጻፉት አማርኛ ዛሬም የሚነበበው ወረቀቱን ለመክፈት የማንም ድርጅት ፈቃድ ስለማያስፈልግ ነው። በዚህ ረገድ ኦብሲዲያን ለእኔ ተመችቶኛል፤ እያንዳንዱ ማስታወሻ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ስለሚቀመጥ ድርጅቱ ቢዘጋም በኖትፓድ ይከፈታል። ጆፕሊንም ነጻ ነው፤ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲልክ ጽሑፉን ማመስጠር ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የኦብሲዲያን ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ልጆች በዚያው ኮምፒውተር የቤት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ለየራሳችሁ የተለያየ አካውንት ይኑራችሁ። በየወሩም ወደ ፍላሽ ገልብጡ።

የአማርኛ ነገርም አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ የዛሬ ፕሮግራሞች ያሳዩታል፤ መጻፊያው ከሌላችሁ ኪይማን በነጻ ይገኛል። ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «መድኃኒት» ብላችሁ ጽፋችሁ «መድሀኒት» ብላችሁ ብትፈልጉ ላይመጣ ይችላል፤ «ሐዲስ» እና «ሀዲስ»ም እንዲሁ። እኔ ለርእስ ሁልጊዜ አንድ አጻጻፍ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ዝርዝሩንም በአንድ ገጽ አስፍሬዋለሁ።

በመጨረሻ፣ ማስታወሻ ኑዛዜን አይተካም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያሳልፍ አስተምረዋል። በኦሃዮ ሕግ ደግሞ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ ተፈርሞ ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። ኮምፒውተር ላይ አርቅቁት፤ ከዚያ አትማችሁ አስፈርሙት።

ከመወሰናችሁ በፊት ዐሥር ማስታወሻ ብቻ ጻፉና ለሳምንት ሞክሩት። በአማርኛ ፈልጉበት፣ ጽሑፉን አውጥታችሁ በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። ከዚያም አደራ የምትሰጡትን ሰው ያለ እናንተ እንዲከፍተው ጠይቁት። ከከፈተ አገኛችሁት ማለት ነው።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።