ጽፈሽ አንብቢለት

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ይህን ወረቀት ከበርበሬው ፌስታል ሥር የከተትኩት ናይሮቢ ገብተሽ ሻንጣሽን ስትፈቺ እንድታገኚው ነው። ፊት ለፊት ልምከርሽ ብል እናትሽ ታቋርጠኛለች፤ አንቺም “እሺ አባዬ” ብለሽ ትገላገይኛለሽ።

ክረምቱን ለስደተኞች በነፃ ጥብቅና በሚቆም ድርጅት ልትሠሪ ነው። እኔ የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ግን 30 ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁና ስለ ሰው ቃል የምነግርሽ አላጣም።

አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት በድንበር ክርክር ልታስጽፍ መጣች። “ጎረቤቴ አጥሩን ወደ እኔ ገፋው” አለች፤ ነገሯ ይኸው ነበር። እኔ ግን ዳኛው የሚያዝንላት መስሎኝ “በዱላ አስፈራርቶ፣ ከደጄ አሳድዶ” ብዬ አሳመርኩት። ዳኛው “በዱላ አስፈራርቶሻል?” ቢላት “ኧረ እሱስ አላስፈራራኝም” አለች። ከዚያ ወዲያ እውነቱንስ ማን ይመናት? የከፈለችኝን ልመልስላት ብል “ተወው፣ ደክመህበታል” ብላኝ ሄደች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስደተኛ ብዙ ጊዜ ሰነድ ይዞ አይወጣም፤ ማስረጃው አንደበቱ ነው። ዛሬ ለአንቺ የነገረሽና ነገ ለመርማሪው የሚናገረው ካልገጠመ ዋሸ ይባላል። ስለዚህ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ በአማርኛ አፉን የፈታ አይደለምና፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይሻለኛል ካለሽ አስተርጓሚ ይጠራለት።

ያገራችን ሰው ሲመጣ ደግሞ ዘመን አቆጣጠሩን አደራ። “ጥር 20 ቀን 1998 ታሰርኩ” ቢልሽ፣ ፎርሙ ላይ የሚገባው ጃንዋሪ 28 ቀን 2006 ነው። አንዱ ጸሐፊ 1998ን እንዳለ ቢገለብጠው፣ ሌላው 7 ቢደምርበት፣ ለአንድ ሰው ሦስት የእስር ዘመን ይወጣለታል። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው የሚደመረው። የእኛንም የፈረንጆቹንም ቀን ጎን ለጎን ጻፊ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ጠዋት “ሳአ ምቢሊ” ቢልሽ የእኛው 2 ሰዓት ነው፤ የእንግሊዝኛው ፎርም ግን 8 ይላል።

የምትሠሪበት የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት ራሱ ለዚህ የዘመን ልዩነት ምስክር ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ የተቀበሉት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1969፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1961፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ ልዩነቱ 8 መሆኑ ቀርቶ 7 ይሆን ነበር። የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በመሰል ምክንያት እንዳይሳደድ የሚሰጋውን ሲጠብቅ፣ የአፍሪካው የውጭ ወረራና የከፋ ሁከት ያፈናቀለውንም ጨመረ። “ለምን ሸሸህ?” ብለሽ ስትጠይቂ በሁለቱም በር መግባት እንዳለ አትርሺ።

አንቺ ገና ተለማማጅ ነሽ፤ ጠበቃ አይደለሽም። “አይዞሽ፣ ይሳካልሻል” ብለሽ ለማንም ተስፋ አትስጪ፤ ያልገባሽን ከአለቃሽ ጠይቂ። የሰማሽውንም ቡና ላይ አታውጪው። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ይተዋወቃል፤ ስም ባትጠሪ እንኳ አገሩንና የመጣበትን ዘመን ካወራሽ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

እናትሽ ሹራብ የደራረበችው ያለ ነገር አይደለም፤ የናይሮቢ ሐምሌም እንደኛው ብርድ ነው። መንገድሽን ያቅናልሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቃሉን ጽፈሽ ስትጨርሺ ለባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ አንብቢለት። የተሳሳተውን አርሚ። “አዎ፣ ይኼ የእኔ ቃል ነው” ሲልሽ ያን ጊዜ አስፈርሚው። እኔ ለዚያች ባልቴት አላነበብኩላትም።

አባትሽ