አሥር ቀን ከሬክስ ጋር

ውርጌሳ ባለው ግቢዬ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ሣር የማይበቅልበት ክብ መሬት ነበር። በኮምፓስ የተሠመረ ይመስላል። የሠራው ውሻዬ ሬክስ ነው፤ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ሄዶ ሲመለስ፣ ዞሮ ሲዞር፣ በእግሩ እየላጠ ያወጣው ክብ። እንግዳ ሲመጣ «ከዚህች እንዳታልፍ» እያልኩ በኩራት አሳይ ነበር። ዛሬ ያ ኩራቴ ያሳፍረኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ሲያልፍ እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን ቀያችንን ጥለን ሸሸን። ስንመለስ ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሆኖ ጠበቀን፤ ከብርድ ልብስ እስከ ምጣድ የተረፈ የለም። ኩሪም የለም። ኩሪ የአባቴ ውሻ ነው፤ ጸጉሩ አጭር፣ መልኩ ቡናማ፣ ማንም ገንዘብ የማያወጣበት የሀበሻ ውሻ። ቀን ማሽላው ውስጥ ከዝንጀሮ ጋር ሲሟገት ይውላል፣ ሌሊት ጅብ ሲሸተው ይጮኻል፣ አስሮት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ሐዘኔ ወደ ቂም ዞረና «ድሮስ የሀበሻ ውሻ መቼ ቤት ጠብቆ ያውቃል!» አልኩ። ጦር ያለፈበትን መንደር ውሻ ያድነዋል ብዬ መጠበቄ ያኔ አልታየኝም።

በዚህ ስሜት ላይ ሳለሁ ነው ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ፣ አስፋልት ዳር ቡችሎች በካርቶን ይዞ የቆመ ወጣት ያገኘሁት። «የዚህ አባቱ ጀርመን ነው» አለኝ። እናቱስ? «እሷን እንኳን አላውቃትም። ግን ዲቃላ ይሻልዎታል ጋሼ፤ ጉልበቱን ከፈረንጁ፣ ቻይነቱን ከሀበሻው ይወስዳል።» አነጋገሩ አማለለኝ። ስንት ሳምንቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት እንዳለበት፣ ንክሻ ምን ያህል እንደሚያምም የሚማረውም ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ እንደሆነ የሰማሁት ኋላ ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሲያድግ ሰው ያስፈራል?»

«በደንብ!» አለኝ።

አውቶቡስ ላይ እንቢ ስላሉኝ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ለምኜ፣ ጋቢና ውስጥ ጉልበቴ ላይ እንዳቀፍኩት ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን አልፈን ውርጌሳ ገባን።

ሬክስ አደገ። አንዱ ጆሮው እንደ አባቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሌላው እንደማላውቃት እናቱ ታጥፎ ቀረ። ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ጥጥ። ለጀርመን ብርድ የተሰፋ ካፖርት ለብሶ የእኛን ግንቦት ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ይውላል። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት መርሳ ወዳለው ሥራዬ እወጣለሁ፤ የምመለሰው ማታ 12 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ሱቅ ትውላለች። ማታ የተረፈ እንጀራ እጥልለታለሁ፤ ውኃውን አንዳንዴ እረሳዋለሁ። «ውሻ ክፉ እንዲሆን አትፍታው» ብለው የመከሩኝን ሰማኋቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ሬክስ ግን ይጮኽ የነበረው በታሰረበት ነው።

አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴ የ7 ዓመት ልጅ ወድቃ የተንከባለለች ማንጎ ሊያነሳ ክቡ ውስጥ ገባ። ሬክስ ክንዱን ያዘው። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ እናቱ ቀድማኝ ደርሳለች። ሙስሊም ናት፤ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ የምታጥብ ሴት። ከጀሪካን ውኃ እያፈሰሰች የልጁን ቁስል በሳሙና ታጥባለች፣ ታጥባለች፣ አታቆምም። እኔ «ይበቃል፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» እያልኩ እጨቀጭቃለሁ። እዚያ ስንደርስ ባለሙያዋ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው «ታጥቧል? ስንት ደቂቃ?» ብላ ነበር። ለካ ለእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያው እርዳታ ቁስሉን ቢያንስ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብ ነው። ላስቆማት የሞከርኩት እኔ ነበርኩ።

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «ውሻው ተከትቧል?»

አቀረቀርኩ። ለሰንሰለት ያወጣሁትን ያህል ለክትባት አላወጣሁም። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው ይገድላል፤ ሰው ከሚያዝባቸው 100 አጋጣሚዎች 99ኙ የሚመጡት በውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ክትባት ጀመረ፤ እንደ ድሮው በየቀኑ ሆድ ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ፣ በቀጠሮ። ለእኔ ደግሞ ሌላ ሥራ ተሰጠኝ፤ «ውሻውን እንዳትገድሉት። 10 ቀን ጠብቁት።» ቫይረሱ ወደ ውሻው ምራቅ የሚወጣው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ፣ የነከሰ ውሻ 10ኛውን ቀን በጤና ካለፈ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው።

መናዘዝ ካለብኝ እዚህ ላይ ነው፦ ከዚያ በፊት በመንገድ ላይ ስንሄድ በልቤ መርዝ የት እንደሚሸጥ እያሰብኩ ነበር። ሬክስን ያተረፈው የእኔ ርኅራኄ አይደለም፤ ትእዛዙ ነው።

ፈቃድ ወስጄ ከሥራ ቀረሁ፤ ከክቡ ውጭ ወንበር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሬክስን ያየሁት ያኔ ነው። በሁለተኛው ቀን አንገቱን አየሁ፤ ሰንሰለቱ ጸጉሩን ጨርሶ ቆዳውን ይበላ ጀምሯል። በአራተኛው ቀን ዶሮዎቹ ክቡ ውስጥ ገቡ። ይበላቸዋል ብዬ ተነሣሁ። እሱ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይዞራቸዋል፣ ወደ መሃል ይሰበስባቸዋል። አንዷ ስታመልጥ ሊመልሳት ተወረወረ፤ ሰንሰለቱ አነቀውና ወደቀ። ተነሥቶ እንደገና ሞከረ።

ያን ቀን ስልኬ ላይ ስለ አባቱ ዘር አነበብኩ። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. ከበግ ጠባቂ ውሾች መርጦ የመሠረተው ዘር ነው፤ ስሙም ቢተረጎም «የጀርመን እረኛ» ነው። እኔ እረኛ ገዝቼ እስረኛ አድርጌዋለሁ።

ሁሉንም በዘር ማመካኘትም አያዋጣም። በ2022 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት እንደሚለው፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዘር የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። በዲቃላ ላይ ግምቱ ይብሳል፤ ጆሮውን ከማን እንደወሰደ ዓይን ያያል፣ ጠባዩን ከማን እንደወሰደ ግን አብረውት ካልዋሉ አይታወቅም። «አባቱ ጀርመን ነው» የሚለው ቃል የነገረኝ ስለ አንድ ጆሮው ብቻ ነበር።

የልጁ እናት በየጠዋቱ አጥሩ ጋ ቆማ «በላ?» ትለኛለች። ሰላምታዋ ይኸው ብቻ ሆነ። በ10ኛው ቀን «በላ፣ ጠጣም» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ገባች።

ሬክስን አስከትቤ፣ የአንገቱ ቁስል ሲጠግግ፣ ፍየል ለሚያረባ አጎቴ ሰጠሁት። ወዲያው መልአክ አልሆነም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፍየሎቹን በትኖ አጎቴን ቀኑን ሙሉ አስሮጦታል። አሁን ከመንጋው ኋላ ኋላ ይሄዳል። ስሄድ ያሸተኛል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ከዚያ ወደ ፍየሎቹ ይመለሳል።

ሌላ ውሻ ለመያዝ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። በዚህ ጊዜ ጥያቄዎቹን ለራሴ አቀረብኩ፦ ቀን ማን ቤት ይውላል? ሳልሳሳ በየቀኑ ምን ያህል ማብላት እችላለሁ? ስንት ሰዓት ላንሸራሽረው እችላለሁ? ሙቀታችንን የሚችል ጸጉር አለው? መልሶቼ ሁሉ ወደ ትንሽ፣ አጭር ጸጉር፣ እርጋታ ያለው ውሻ መሩኝ፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ኩሪ። በሰፈራችን አንዲት ዲቃላ ወልዳ ስለነበር ሦስት ጊዜ ሄጄ እናቲቱን ከልጆች ጋር ስትውል አየሁ። ከቡችሎቹም ጫማዬን የነከሰውን ደፋር፣ ጥግ ይዞ የተንቀጠቀጠውንም ተውኳቸው። መጥታ አሽትታኝ እግሬ ሥር የተኛችውን መረጥኩ። ሁለት ወሯን እስክትጨርስ ከእናቷ ዘንድ ተውኳት፤ ለሦስተኛ ወሯ የክትባት ቀጠሮ ያዝኩላት።

ከማምጣቴ በፊት ግን ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ውሻ ሌላ ሰው ማስፈቀድ ድሮ ውርደት ይመስለኝ ነበር። ቡና እያፈላች ነበር፤ ልጁ አጠገቧ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ክንዱ ላይ ሁለት ነጭ ነጥቦች አሉ።

«ትንሽ ናት፣ ሴት ናት፣ ትከተባለች» አልኳት።

ስኒዎቹን እየደረደረች ጥቂት አሰበች።

«ምራቋን ከልብሴ አርቅልኝ» አለች። «ደግሞ ያንን ሰንሰለት መልሰህ እንዳታወጣው።»