እናቴ ፈረስ ናት

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ይህን ተረት በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ስተረጕም፥ «በትውልዱ የሚያፍር ሰው በዘመድ ክብር ሲመካ የሚነገር ነው» እያልሁ ስንት ጊዜ እንዳስጻፍሁ አልቈጠርሁትም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ባዝራ ልሸጥ ውርጌሳ ገበያ ወጥቼ ከተመለስሁ ወዲህ ግን በበቅሎይቱ ላይ ያለ አግባብ እንደ ፈረድሁባት ገብቶኛል። የተጠየቀችውን ትታ ሌላ መለሰች እንጂ አልዋሸችም። የዋሸሁስ እኔ ነኝ። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርዎና ይፍረዱኝ።

እኔ የፈረስ ነጋዴ አይደለሁም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርሁ ጥቂት ዓመት ነው፤ ዕድሜዬም ከሃያ አምስት አላለፈም። ውርጌሳ ለማያውቋት፥ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። አጎቴ ከከተማይቱ በላይ ባለው ደጋ ያርስ ነበር። ሲሞት ለሚስቱና ለልጆቹ ካተረፈው ሀብት ዋናዋ አንዲት ዳማ ባዝራ ናት። የቤታቸው ክዳን ከጦርነቱ ወዲህ ግማሹ ቆርቆሮ፥ ግማሹ ላስቲክ ነው። አክስቴም ክረምት ሳይገባ ባዝራይቱ ተሸጣ ቆርቆሮ እንዲገዛ ቈረጠችና፥ «አንተ ፊደል የቈጠርህ ነህ፤ ነጋዴ አያታልልህም፤ ሽጥልኝ» አለችኝ። ፊደል መቍጠርና ባዝራ መሸጥ ምን እንደሚያገናኛቸው እርሷም አልነገረችኝ፥ እኔም አልጠየቅሁ።

እንደ ተማረ ሰው መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማንበብ ነበር። የባዝራ ገበያ ከሁሉ የሠለጠነው የት ነው ብዬ በስልኬ ስፈልግ ወደ እንግሊዝ አገር፥ ኒውማርኬት ወደምትባል ከተማ ወሰደኝ። በዚያ አገር ለእሽቅድድም የሚረባው ፈረስ ቶሮብሬድ ይባላል። ጄምስ ዌዘርቢ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1791 የትውልድ መዝገባቸውን ማሳተም ከጀመረ ወዲህ፥ ወላጆቹ በመዝገብ የሌሉ ፈረስ እንደ ነፋስ ቢበር እንኳ ቶሮብሬድ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1766 የተቋቋመው ታተርሳልስ የሚባለው የጨረታ ቤት በየዓመቱ በዲሴምበር ወር ለርቢ የሚሆኑ ባዝራዎችን በዚያች ከተማ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ማርሻ የምትባል አንዲት ባዝራ በዚሁ ጨረታ በ6 ሚሊዮን ጊኒ ተሸጣለች። ጊኒ ማለት አንድ ፓውንድ ከአምስት ፔኒ ነው፤ የድሮ መቍጠሪያ ሲሆን ፈረስ ሻጮቹ እስከ ዛሬ አልተዉትም። እኔም ዋጋውን ወደ ብር ልመልስ ጀምሬ፥ የወር ደመወዜ ትዝ ሲለኝ ተውሁት።

ከዋጋው ይልቅ የደነቀኝ የሽያጩ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዷ ባዝራ በመጽሐፉ አንድ ገጽ አላት። በገጹ ላይ ስለ ቁመናዋ ከቀለሟ በቀር ብዙ አይጻፍም፤ የሚጻፈው እናቷና አያቷ ማንን ወለዱ፥ የተወለዱትስ የት አሸነፉ የሚለው ነው። በታላላቅ እሽቅድድም ያሸነፉ ዘመዶቿ ስም በደማቅ ጥቁር ፊደል ይታተማል። እርሷ ራሷ የወለደች እንደ ሆነ ልጆቿ በየዓመቱ ይዘረዘራሉ፤ ሳትይዝ የቀረችበት ዓመትም፥ የጣለችበትም ዓመት አብሮ ይጻፋል። ለንግዱ አዲስ የሆነ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዝራውን በገዛ እጁ አያቀርብም፤ ገዢዎቹ ለሚያውቁትና ለሚያምኑት አደራ ሻጭ ይሰጣል። እኛ ደላላ የምንለው ዓይነት ሰው ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ነገ ደግሞ ለእነዚያው ገዢዎች ስለሚሸጥ ለስሙ መፍራቱ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ለአክስቴ ባዝራ አንድ ገጽ አዘጋጀሁላት። አይሳቁብኝ። በመስመር በተሰመረ ወረቀት ላይ በቀይና በጥቁር ብዕር ጻፍሁ። አባቷ በጥምቀት በዓል ጉግስ ሲጫወቱበት ስመ ጥሩ የነበረ ፈረስ መሆኑን በቀይ አደመቅሁት። ቀጥዬም ልጆቿን ዘረዘርሁ፤ በ2008 ሴት በቅሎ፥ በ2010 ወንድ በቅሎ፥ በ2012 ወንድ ፈረስ፥ በ2016 ሴት በቅሎ። የ2014 ዓ.ም. መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ጦርነቱ በአካባቢያችን ሲመጣ አክስቴ ልጆቿንና ከብቷን ይዛ ሸሽታ ነበር። ባዝራይቱ የስምንት ወር ክብድ ነበረች፤ በመንገድ ላይ ጣለች። ይህ ነውር ዋጋዋን ይቀንሳል ብዬ መስመሩን ዘለልሁት። የእንግሊዞቹን መጽሐፍ አንብቤ ከመጽሐፉ የቀዳሁት የደማቁን ፊደል ነገር ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ባዝራይቱን እኔ ዘንድ በከተማ ማሳደር አልፈለግንም። ፈረስ የደጋ ከብት ነው፤ በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ፥ አህያ የሚችለው፥ ፈረስን ግን የሚገድል በሽታ በቆላ ይበረታል። ስለዚህ በገበያው ዕለት የአክስቴ ልጅ፥ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፥ ገና ጎሕ ሲቀድ ከደጋው ይዟት ወረደ። አንድ ደላላም ወዲያው አጠገባችን ቆመ። ማን ጠርቶት እንደ መጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ቀርበው ጥርሷን ሲገልጡ ወረቀቴን አውጥቼ ስለ አባቷ መናገር ጀመርሁ። አንዱ ጐልማሳ ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «መምህር፥ እኛ አባቷን ልንጋልብ ነው እንዴ?» ቢል ሰው ሁሉ ሳቀ።

ለካ ሰውየው እውነቱን ነው። እኛ የተማርን ሰዎች የፈረስን ነገር የምናውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር፤ ስማቸው ከፈረሳቸው የመጣ ነው። ዛሬም በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የፈረሰኛውን ብዛት ያየ ሰው አይረሳውም። ነገር ግን ከማውቃቸው የጀግና ስሞች ሁሉ አንድስ እንኳ በባዝራ የተጠራ የለም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች የወለዷቸው እናቶች ስም አልቀረልንም። የእናቲቱን ነገር አጥብቆ የሚጠይቅ በአገራችን በቅሎ አርቢ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፈረስ 64፥ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች፤ በዚህም የተነሣ መካን ናት። በቅሎ በቅሎን ስለማትወልድ፥ ገደልና ዳገት በበዛበት አገራችን ለምትፈለገው ለእያንዳንዷ በቅሎ አንዲት ባዝራ አሥራ አንድ ወር ያህል መሸከም አለባት። በከተማ የጋሪ ፈረስን ባጃጅ እያባረረው ነው፤ ላሊበላ ላይ እንግዳ ይዛ ወደ አሸተን ማርያም የምትወጣዋን በቅሎ ግን ባጃጅ የሚተካት አይመስለኝም። በቅሎ አርቢው የባዝራይቱን ቁመት ይለካል፤ የበቅሎዋ ቁመት ከእናቷ ይመጣልና። ጡቷን ይዳስሳል፤ ወተት የሌላት እናት ውርንጭላ አታሳድግምና። ከሁሉ በላይ ግን ምን ምን እንደ ወለደች ይጠይቃል።

ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሽበታቸው ከጢማቸው አልፎ ወደ ቅንድባቸው ደርሷል። ባዝራይቱን ሁለት ጊዜ ዞሯት፤ ልጁ እንዲያስኬዳት አዘዙት፤ ተመለከቷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፥

«ስንት ወለደች?» አሉኝ።

ወረቀቴን አነበብሁላቸው። በጣታቸው እየቈጠሩ ሰሙኝ።

«በ12 ወለደች፤ በ16 ወለደች። መካከሉን ምን ሠራች?»

«አልተጠቃችም» አልሁ። «አጎቴ ታምሞ ስለ ነበር ወደ አህያ የሚወስዳት ሰው አልነበረም።»

ውሸቱ እንዲህ ቶሎ ከአፌ መውጣቱ እኔንም አስገረመኝ። ደላላው ደስ አለው፤ ዋጋ መጥራትም ጀመረ። በዚያች ሰዓት ገመዱን የያዘው ልጅ ሊያግዘኝ ፈልጎ፥

«ኧረ ጋሼ፥ ረስተኸው ነው! ጥላለች እኮ። ስንሸሽ መንገድ ላይ ነው የጣለችው። እማዬ አልቅሳ ነበር» አለ።

ሽማግሌው አልተቈጡም። እጃቸውን ከባዝራይቱ ጀርባ ላይ አነሡ።

«አንተ መምህር፥ በዚያ ዓመት ባዝራ ጣለችብኝ ብሎ የሚያፍር ሰው አለ?» አሉኝ። «እኔ በዚያ ዓመት አራት ከብትና አንድ ወንድም አጥቻለሁ። ከማንም አልደበቅሁትም። መጣሏ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ሌላስ ምን ደብቀኸኛል የሚለው ነው።»

ይህን ብለው ሄዱ። ደላላውም፥ «ልጁን ምን ልሁን ብለህ አመጣኸው?» ብሎ ተቈጣኝና ወደ ሌላ ባለ ከብት ዞረ። ያን ዕለት ከዚያ በኋላ የቀረበን ገዢ አልነበረም፤ የገበያ ወሬ ከሰው ይቀድማል። ከሰዓት በኋላ ልጁን እስከ ዳገቱ ሥር ሸኘሁት። ዝም ብሎ ሲሄድ ቆይቶ፥ «ጋሼ፥ አጠፋሁ እንዴ?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፥ በየቀኑ ከአርባ ከሚበልጡ ተማሪዎች ፊት የምቆም ሰው ነኝ፤ ለጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። «አላጠፋህም» ለማለት የወሰደብኝን ጊዜ ልጁ አይረሳውም ብዬ እፈራለሁ።

በማግሥቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ወደ ደጋው ወጥቼ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኋት። «እኔ መቼ ደብቅ አልሁህ?» አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ቡና አፍልታ ሰጠችኝ። በላስቲኩ ክዳን ላይ የሚያንኳኳው ነፋስ እስክንጨርስ ድረስ አላቆመም።

በሚቀጥለው ገበያ ያለ ደላላ ወጣሁ። ለቀረበን ሁሉ ዋጋዋን ሳልጠራ፥ «በ2014 ጥላለች» ብዬ ጀመርሁ። አንድ ወጣት ገዢ ይህን እንደ ሰማ ሄደ፤ ሌላው 15 ሺህ ብር ብሎ ሲከራከረኝ ቆየ። እውነት መናገር ዋጋ ይጨምራል የሚል ሰው ካለ ባዝራ ሸጦ አያውቅም። ሽማግሌው በዚያው ገበያ ነበሩ፤ ሌሎች ሁለት ባዝራዎች ሲመለከቱ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። ቀጥር ላይ ሰላምታ ሰጡኝና የጠየቁት ግን እኔን አልነበረም፤ ወደ ልጁ ጐንበስ አሉ።

ስትጥል የስንት ወር ነበረች? የእንግዴ ልጁ ወዲያው ወጣላት? ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተጠቅታ ያዘች? የ16ቱን ውርንጭላ ያለ ችግር አጠባች? ልጁ ለሁሉም መለሰ። ስምንት ወር፤ በማግሥቱ ጠዋት ወጣ፤ አንድ ዓመት ሳትይዝ ቀርታ በሚቀጥለው በሁለተኛው ጊዜ ያዘች፤ አጥብታለች። በማግሥቱ መውጣቱን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ጠቈረ። እኔ ከእነዚህ መልሶች ግማሹን እንኳ አላውቅም ነበር፤ የኒውማርኬት አደራ ሻጭ ሥራ የማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

በመጨረሻ በ26 ሺህ ብር ተስማማን። በመጀመሪያው ገበያ ደላላው የጠራው 32 ሺህ ነበር። በገንዘቡ የተገዛው ቆርቆሮ ሁለቱን ክፍል ከድኖ የከብቱን በረት አላዳረሰም፤ በዚያ በኩል ያለው ላስቲክ አሁንም አለ።

ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ ሽማግሌው፥ «ያች ወረቀትህ አለች?» አሉኝ። አፍሬ ከኪሴ አወጣኋት።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ፤ «ነገር ግን ነገ እኔም እሸጣታለሁ፤ ገዢው ደግሞ ይጠይቀኛል። የጎደለውን አስገባበትና ስጠኝ።»

በ2012ና በ2016 መካከል በቂ ቦታ አልተውሁም ነበር። ብዕሩን ለልጁ ሰጠሁት። ወረቀቱን በኮርቻው ላይ ዘርግቶ፥ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፥ በተጣበበው ቦታ በትንንሽ ፊደል «2014 ጣለች» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ጣታቸውን በየመስመሩ ላይ አሳለፉና፥ «ይህ ነው?» ብለው ልጁን ጠየቁት።

«አዎን፥ እርሱ ነው» አለ።

ወረቀቱን አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተው ቈለፉት። ከዚያም ገመዱን ከልጁ እጅ ተቀበሉ።