እግር አጣቢዋ

ሐረር ውስጥ ስኳር አክብሮት ነው። እንግዳ በገባበት ቤት ሻይ ሲቀርብ ከብርጭቆው ሥር ስኳሩ ነጭ ሆኖ ተኝቶ መታየት አለበት። ስኳር ያነሰበትን ሻይ ማቅረብ ስስት ያስመስላል፤ «ስኳር ይቅርብኝ» ማለት ደግሞ ኩራት፣ አለዚያም ቅያሜ። ከሰዓት በኋላ ጫት ሲያዝ ምሬቱን የሚያበርደው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ነው። እንግዲህ በዚህች ከተማ የስኳር በሽታ የያዘው ሰው የሚታገለው ከሕመሙ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤቶቹ ቸርነት ጋርም ነው።

አክስቴ የምትኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ለዓመታት በየወሩ ሐኪም ዘንድ ትቀርባለች፤ ቁጥሯ ይነገራታል፤ «ጣፋጭ ይተዉ» ትባላለች፤ ትመለሳለች። ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን የሻዩን ብርጭቆ ማን እንደሚዘረጋላት፣ እምቢ ስትል ማን እንደሚቀየማት፣ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኗ የት እንደሚያድር መካሪው ከወንበሩ ሆኖ ሊያየው አይችልም።

ይህን ሊያይ የሚችል ሰው በኋላ መጣ። አገራችን የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርን በ1995 ዓ.ም. ስትጀምር ዋነኛ ሐሳቧ የገጠር እናቶችና ሕፃናት፣ ክትባት፣ ወባና መጸዳጃ ቤት ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ግድም ሥራው ወደ ከተማ ሲገባ በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎች በየደጃፉ መዞር ያዙ። ወደ አክስቴ ሰፈር የተመደበችው ወጣት አንዱን በር በጌይ ሲናን፣ ቀጥሎ ያለውን በኦሮምኛ፣ የአክስቴን በአማርኛ ታንኳኳለች።

መጀመሪያ ስለ ስኳር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሳፋና ለብ ያለ ውኃ ለመነች፤ ሙቀቱን በክንዷ ለካች። «እማማ፣ እግርዎን ልጠብልዎ?»

አክስቴ ለማንም ባዕድ ጫማዋን አውልቃ የማታውቅ ሴት ናት። ነገር ግን ታናሽ የታላቁን እግር ማጠቡ ያደገችበት ወግ ነው፤ እንዴት እንቢ ትበል? እየመረቀች ዘረጋችላት። ልጅቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለየች፣ በመካከላቸው ያለውን እርጥበት በጨርቅ እያደረቀች ወደ ተረከዟ ስትደርስ ቀና አለች።

«መቼ ተወጉ?»

«ኧረ እኔ አልተወጋሁም!»

ቁስሉ ግን እዚያው ነበር። ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ የደም ሥርንም ያጠባል፤ ጠጠሩ ሲወጋ አይታወቅም፣ የተወጋውም ቶሎ አይድንም። ጥላሁን ገሠሠን ያህል ድምፃዊ በ2001 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት በዚሁ በሽታ እግሩን አጥቶ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ አዝነን ዘፈኑን ሰማን እንጂ የእናቶቻችንን ተረከዝ ገልብጠን ያየን ስንቶቻችን ነን? ልጅቷ አክስቴን በዚያው ቀን ደግፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ቁስሉ ለመድረቅ ሁለት ወር ፈጀ፤ እግሯ ግን ተረፈ።

ስለ ሻዩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ያነሣችው በጎረቤቶች ፊት ነው። «ድሮ እናቶቻችን ቁጢ ሲያፈሉ ምን ያደርጉበት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ቁጢ የቡና ቅጠል ነው። አሮጊቶቹ ተያዩና «ጨው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር አክስቴ ገና ሕፃን ነበረች፤ በየብርጭቆው ስኳር ማብዛት ያን ያህል ጥንታዊ ወግ አይደለም። (ጨውም ቢበዛ ለደም ግፊት እንደማይበጅ ልጅቷ ማስጠንቀቋን አልተወችም።) ከዚያ ወዲህ አክስቴ ዘንድ ስኳሩ ለብቻው በሳህን ይቀርባል፤ የፈለገ ይጨምራል።

ኢንሱሊኑስ? ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ የተከፈተው ከፀሐይና ከሙቀት ከራቀ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገው ትንሽ ማሰሮ ቀበሩ፤ ብልቃጡ ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ እዚያ ገባ። ጾሙ ከሁሉ የባሰ ነበር። በሁዳዴ አክስቴ መርፌዋን ተወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትውል ስለነበር ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን ሁለቱም እምነቶች ያስተምራሉ፤ አልቀበልም የሚለው ሕመምተኛው ነው። ልጅቷ የአክስቴን የነፍስ አባት ሄዳ አነጋገረች፤ ሙስሊም ጎረቤቶቿን ደግሞ ረመዳን ሳይገባ መድኃኒታቸውን ከሐኪም ጋር እንዲያስተካክሉ ወተወተች።

በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ባሉ ከተሞች ፕሮሞቶራ የሚባሉ ሴቶች ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቻቸውን በዚሁ መንገድ እንደሚረዱ አንብቤያለሁ። እነርሱም የሚጀምሩት ከማድ ቤት ነው፤ ቶርቲያውን ከመከልከል ይልቅ መጠኑን ይመክራሉ።

ቅር የሚለኝ ግን አለ። የደም ስኳር መለኪያው ኖሮ መመርመሪያ ቁራጩ የሚያልቅባቸው ሳምንታት ጥቂት አይደሉም። ያን ጊዜ ልጅቷ ባዶ እጇን ትመጣለች። ትመጣለች ግን፤ ሳፋውንም ታስቀርባለች። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጎረቤቶች የየራሳቸውን ፎጣ ይዘው አክስቴ ደጃፍ ላይ ጠበቋት።