የካፉ ልክ

ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ማክሰኞ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጠዋት ጥርስ የሚነቀልለት የ9 ዓመት ውሻ ነበረን፤ ክብደቱ 25 ኪሎ። ባልደረባዬን ልተካ ስገባ ማደንዘዣ ከወሰደ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ማሽኑ አማካይ የደም ግፊቱ 74 ነው ይላል። ከ60 በታች ከወረደ ለኩላሊቱ እንሰጋለን፣ 74 ግን ጥሩ ቁጥር ነው። ሆኖም የኋላ እግሩ ላይ ትርታውን በጣቴ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

እግሩ ላይ የታሰረውን የግፊት መለኪያ ካፍ አየሁት፤ ጠቧል። ከኪሴ በማይጠፋው የልብስ ሰፊ ሜትር የእግሩን ዙሪያ ለካሁ፤ 15 ሳንቲ ሜትር። የካፉ ስፋት የዙሪያውን 40 በመቶ ያህል መሆን አለበት፤ ማለትም 6 ሳንቲ ሜትር። የታሰረው ባለ 4 ነው። «ባለ 6ቱ አየር ስለሚያፈስ ነው» አለችኝ ባልደረባዬ። ጠባብ ካፍ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሰፊው ደግሞ ዝቅ አድርጎ። ከሌላ ክፍል ደህናውን ባለ 6 ሮጬ አምጥቼ ቀየርኩት።

52።

ማደንዘዣ ጋዙ፣ አይሶፍሉሬን፣ የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ከ2 በመቶ ወደ 1.5 ቀነስነው። መንጋጋው ቀድሞ በመርፌ ስለደነዘዘ ሕመሙ አይሰማውም። ልቡ ጤነኛ ስለሆነ 250 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ15 ደቂቃ ሰጠነው። 55፣ 61፣ 68። እስኪወጣ ድረስ ትንፋሼን የያዝኩ ይመስለኛል። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ግፊቱ ስንት እንደነበረ ማንም አያውቅም፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የተኛ ውሻ ደከመኝ አይልም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ሳለን ትርታን በጭን ውስጠኛው በኩል በጣት መፈለግ ነበር ዋናው ትምህርታችን። ዛሬም ማንኛውም ውሻ ጋ ስደርስ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ነገር ግን ጣት የሚሰማው በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። 120 በ80 የሆነውም፣ 80 በ40 የሆነውም ልዩነቱ 40 ነው፤ ጣት ላይ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ውሻ አማካዩ 93 ገደማ ነው፣ የሁለተኛው ግን 53። ጣት ይጠረጥራል እንጂ አይመሰክርም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

እማዬ ከደብረ ብርሃን ደወለች። የማክሰኞውን ስነግራት «ውሻም ግፊት አለበት እንዴ?» አለች።

«ደም ያለው ሁሉ ግፊት አለው እማዬ። አንቺስ ተለካሽ?»

«ተለካሁ። 150 ነው አሉኝ።»

ስጠይቃት፣ ሹራቧን ሳታወልቅ፣ እጇን አንጠልጥላ ነው የተለካችው። እጅ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ቁጥሩ በ7 ወይም በ8 ከፍ ይላል፤ በወፍራም ሹራብ ላይ የታሰረ ካፍም አይታመንም። ሹራብሽን አውልቂ፣ እጅሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪና እንደገና ተለኪ አልኳት። «እሺ ልጄ» አለች፤ ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

እማዬ 138 ሆነች። የግፊት መድኃኒቷን እንዳታቆም ደጋግሜ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ የማህፀን ቀዶ ጥገና የተደረገላት 3 ኪሎ የማትሞላ ውሻ ነበረች። እንዲህ ትንንሽ ሲሆኑ ማሽኑ ስለሚሳሳት የደም ፍሰቱን በድምፅ የሚያሰማውን ዶፕለር ነው የምመርጠው። ከመዳፏ በስተኋላ ያለውን ጠጉር ላጭቼ፣ ጄል ቀብቼ፣ አውራ ጣት ጥፍር የምታክለውን መስሚያ አስጠጋሁ። ድምፅ ማጉያው መጀመሪያ ይንሻሻል፤ ጥቂት ሳንሸራትታት ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ካፉን ድምፁ እስኪጠፋ ነፋሁ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ አስተነፈስኩ። የመጀመሪያዋ ሽው የተመለሰችው 96 ላይ ነው።

በየ5 ደቂቃው ጻፍኩ፤ 96፣ 94፣ 92፣ 98። ስፌቱ አልቆ ጋዙ ሲዘጋም መስሚያዋን አላነሳሁም። ምራቋን ስትውጥ የመተንፈሻ ቱቦውን አወጣሁላት።