ስለ መሥሪያ ቤት ደንብና ስለ ሠራተኛ ቃል

ልጆቼ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ብዙ ዘመን ያስተማርሁበት ትምህርት ቤት አስጠራኝና ሠራተኞቹ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ስለሚያወጡት ነገር ደንብ እንድጽፍ ለመነኝ። ምክንያቱ ይህ ነበር፤ አንዲት ወጣት መምህርት፣ የአንድ ተማሪ የፈተና መልስ ቢያስቃት፣ ወረቀቱን ፎቶግራፍ አንሥታ ለሦስት ወዳጆቿ በቴሌግራም ላከች። የልጁ ስም በወረቀቱ ራስ ላይ ነበረ። በማግሥቱ ልጁ ገና ክፍል ሳይገባ መልሱን ሁሉም በቃሉ ያውቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረ።

እኔም ተቈጥቼ ነበርና በአንድ ሌሊት ዐሥራ ዘጠኝ አንቀጽ ጻፍሁ። የተማሪን ስም፣ መልክና ውጤት ማውጣት ከለከልሁ፤ ይህስ ደግ ነው። ነገር ግን ብዕር መከልከል ከጀመረ ማቆሚያ የለውምና «ማንም ሠራተኛ ስለ ትምህርት ቤቱ ያለ ፈቃድ አንዳች ነገር አይጻፍ፤ አለቃውም የሠራተኛውን ስልክ ለመመርመር ይችላል» ብዬ ጨመርሁ።

ረቂቁን በስብሰባ ሳነብ ዘበኛው ተነሣ። «ጋሼ፣ ደመወዛችን ሁለት ወር ሲዘገይ ለጓደኞቼ ብጽፍ፣ ልጁን ካሳፈረው ሰው ጋራ ጥፋቴ እኩል ሊሆን ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ወደ ቤቴ ስሄድ የልጅነቴ ነገር ታወሰኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ፣ ለእናቴ የምጽፈውን ደብዳቤ ኃላፊው ሳያነብ ፖስታው አይታሸግም ነበር። ስለዚህ እየራበኝ «ደኅና ነኝ» እያልሁ እጽፍ ነበር። እናቴም ታምን ነበር። እነሆ፣ በስተርጅና ፖስታ ከፋች ሆንሁ!

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ ደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን ከመደፈር ይጠብቃል፤ በ29ኛው ደግሞ ሐሳብን መግለጽን ይፈቅዳል። ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ስላለ፣ እኛ ሌላ መቅጫ መጻፍ አያስፈልገንም፤ መኖሩን ማሳወቅ ይበቃል።

ስለዚህ ረቂቁን ቀድጄ አምስት አንቀጽ ብቻ ጻፍሁ። በሥራህ ምክንያት ያወቅኸውን የተማሪና የወላጅ ጉዳይ አታውጣ። በራስህ ስም ተናገር እንጂ በትምህርት ቤቱ ስም አትናገር። የማንም ስልክና የይለፍ ቃል አይጠየቅ። ተከሳሹ ሳይሰማ አይቀጣ። አምስተኛው፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ እውነቱን መናገር ጥፋት አይደለም።

በሁለተኛው ስብሰባ ያች መምህርት፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ በታች አንድ ቃል እንዲጨመር ለመነች። «እኔ ያን ፎቶግራፍ በሰዓቱ አጥፍቼው ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው ስልክ ማጥፋት እንዳልችል አላሰብሁም» አለች። ቃሏን እንዳለ ጻፍነው። ከእኔ አንቀጾች ሁሉ የሚነበበውም እርሱ ነው ይባላል።

ርእሰ መምህሩ አራቱን አንቀጽ በዚያው ቀን ፈረመ። አምስተኛውን ግን «ይቈየን» ብሎ በእርሳስ አከበበው። በየወሩ መጨረሻ እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ፤ ቡና ያስቀርብልኛል፤ ክቡ ግን አሁንም እንዳለ ነው።